ለጨለማ ቁስ የወጡ እጆች

ልጄ «ሥራ አገኘሁ፤ ጉድጓድ ውስጥ ነው» ስትለኝ በእጄ የያዝኩት አንሶላ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሊታጠፍ የተዘጋጀ አንሶላ ነበር። የምሠራው በአንድ ትልቅ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ነው፤ እዚያ ወለል የነካ አንሶላ እንደገና ወደ ማሽን ይገባል። አነሣሁትና ወደ ቆሻሻ ልብስ ጋሪው ወረወርኩት። ጋሪውን ሳትኩት።

«የምን ጉድጓድ?» አልኳት።

«የድሮ ማዕድን ማውጫ ነው፣ እማ። ማዕድኑ አልቆ ተዘግቶ ነበር። አሁን ተመራማሪዎች ከሥሩ ትልቅ መሣሪያ ተክለውበታል። ጨለማ ቁስ ልንፈልግበት ነው።»

«ጨለማ ለመፈለግ ጉድጓድ ድረስ ምን አስኬደሽ? እዚሁ መብራት አጥፍተሽ አትቀመጪም?» አለች ካውያዋ ከኋላዬ።

ካውያዋ የሥራ ባልደረባዬ ናት። የምትተኩሰው ሸሚዝ ብቻውን የሚቆም ይመስላል፤ ቅጽል ስሙ የወጣላት ግን በምላሷ ጭምር ነው።

ልጄ ከት ብላ ሳቀች። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። እኔ ልጄ ጃንጥላ ረስታ ስትወጣ በሳንባ ምች ተኝታ የምትታየኝ ሰው ነኝ። ስልኳን ካላነሣች ለጓደኞቿ፣ ለጓደኞቿ እናቶች፣ ከዚያም ለሆስፒታሉ የምደውል ሰው ነኝ። ልጄ ይህን ስለምታውቅ ነው ወሬውን ሰው ባለበት ይዛ የመጣችው።

«እስከ ዓርብ መልስ ስጪ ብለውኛል» አለችኝ ቀስ ብላ። «አንቺ ካልፈቀድሽ ግን አልሄድም። የሴቶች ትምህርት ቤቱም ፊዚክስ አስተምሪልን እያለኝ ነው። እዚሁ እቀራለሁ፤ ቅር አይለኝም።»

ቅር እንደሚላት ከአንገቷ አወቅኩ። ሲከፋት አንገቷን ወደ አንድ በኩል ትሰብራለች፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደዚያው ነች።

«ካልፈቀድሽ» ማለቷ ነው የጨነቀኝ። ወደድሽም ጠላሽም እሄዳለሁ ብትለኝ ኖሮ አልቅሼ፣ አኩርፌ፣ በመጨረሻ ሻንጣዋን አዘጋጅላት ነበር። አሁን ግን ነገሩን አምጥታ እኔ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

ገና ሳይመሽ፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባች ሳለ ቤት ስንደርስ ወንድሜ ቀድሞን ገብቶ ሾርባ ሲያማስል አገኘነው። ወንድሜ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ፍሬን» ይለዋል፤ ምክንያቱም የትኛውንም ሐሳብ ስታቀርብለት መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ማቆም ነው።

«ፍሬን፣ ይቺ ልጅ ጉድጓድ ልትገባ ነው» አልኩት ጫማዬን ሳላወልቅ።

«አይሆንም» አለ ማማሰሉን ሳይተው።

«ጋሼ፣ ምን እንደሆነ እንኳ አልሰሙም!» አለች ልጄ።

«ጉድጓድ የሚለውን ሰምቻለሁ። ይበቃል።»

ልጄ ሳህኖቹን ደረደረች፣ ተቀመጠች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች። «እሺ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አደባባዩን እንደ እብድ ቢዞሩት ተሳፋሪዎ ምን ይሆናል?»

«እኔ እንደ እብድ አልዞርም።»

«ቢዞሩትስ?»

«የቆመው መስኮት ላይ ይለጠፋል። የተቀመጠው የጎረቤቱ ጭን ላይ ይወድቃል። ከዚያ ሁሉም ተባብሮ እናቴን ይሰድባል።»

«አያቴን ይተዉአት። ንቅንቅ ያላለ ተሳፋሪ ቢኖርስ?»

«አንድ ነገር ጨብጧል ማለት ነዋ።»

«ይኸው! እኛም ያልነው ይህንኑ ነው።»

ጋላክሲ ማለት ትልቅ የከዋክብት መንደር ነው አለችን። ከዋክብቱ መሐሉን ይዞራሉ። ዳር ዳር ያሉት ግን ፍጥነታቸው ሲለካ ከሚገባው በላይ ነው። የሚታየው ሁሉ፣ ከዋክብቱም ጋዙም አቧራውም ተደምሮ፣ እነሱን ስቦ ለመያዝ አይበቃም። መበተን ነበረባቸው፤ አልተበተኑም።

«ስለዚህ ብርሃን የማይሰጥ፣ ብርሃን የማይጋርድ፣ ክብደት ግን ያለው ነገር በመሐላቸው አለ እንላለን። ጨለማ ቁስ የምንለው እሱን ነው።»

«አይተሽዋል?» አለ ፍሬን።

«አይታይም አልኩዎት እኮ!»

«እኔ አውቶቡሴ ውስጥ የማይታይ ተሳፋሪ አለ ብዬ ሪፖርት ባደርግ በማግስቱ መሪውን ይቀሙኛል። አንቺን ደግሞ ሥራ ይሰጡሻል!»

እኔ ሳልፈልግ የሥራ ቦታዬ ትዝ አለኝ። «አንድ ጊዜ ትልቁ ማጠቢያ ማሽን ሲሽከረከር ቤቱን ሊያፈርሰው ደርሶ ነበር» አልኩ። «መካኒኩ የሆነ ነገር ገብቶበታል አለን። ብናይ ብናይ ምንም የለም። ሲፈታው ከበርሜሉ ጀርባ የሾርባ ማንኪያ ተሰክቶ አገኘ። አንዱ እንግዳ አልጋው ላይ ሾርባ በልቶ ከአንሶላው ጋር ጠቅልሎ ልኮልን ነው።»

«እማዬ! በትክክል እንደዚያ ነው!» ልጄ ከወንበሯ ተነሣች።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ከጊዜ በኋላ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። አሁንም ማንኪያ ነው ብለን ቀኑን ሙሉ አስፈታነው። ምንም የለም። ለካ ማሽኑ የቆመበት ወለል በአንድ በኩል ሰምጦ ኖሯል።»

ልጄ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «እንደዚያም ሊሆን ይችላል» አለች፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ አለ። «በሰማይም ሁለቱም ደርሰዋል። አንድ ጊዜ አንዲት ፕላኔት ከመንገዷ ፈቀቅ ስትል፣ የማትታይ ሌላ ፕላኔት እየሳበቻት ነው አሉ። ቴሌስኮፕ ሲያዞሩ እውነትም እዚያው ተገኘች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለፀሐይ በጣም ቅርብ የሆነችው ፕላኔት መንገዷን ስትስት፣ በዚያው ዘዴ ሄደው የማትታይ ፕላኔት አለች አሉ። ስም ሁሉ አወጡላት። ፈልገው ፈልገው አጧት። ጉድለቱ ለካ የስበት ሕጉ ላይ ነበር።»

«ያንቺስ? ማንኪያ ነው ወይስ ወለል?»

«እኔ ማንኪያ ነው እላለሁ። ወለል ነው የሚሉም አሉ። አንዱ ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር ናቸው። እሳቸውማ ጨለማ ቁስ እውነተኛ ሳይንሳዊ ንድፈ ሐሳብ እንኳ አይደለም ይላሉ።»

ፍሬን የሚበላበትን ማንኪያ አስቀመጠ። እኔም አስቀመጥኩ። ያስተማራት ሰው ራሱ የማያምንበትን ነገር ልትፈልግ ከምድር በታች ልትወርድ!

ከሥራ በኋላ አንዳንድ ቀን ለጎልማሶች የሚሰጠውን የንባብ ትምህርት እማራለሁ። የትምህርት ቤታችን አጥር ከዩኒቨርሲቲው አጥር ጋር ይያያዛል። በማግስቱ ወደ ክፍል ስሄድ በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ዘንድሮ የሳሙና ካርቶን ሳይቀር ያየሁትን ሁሉ የማንበብ አባዜ ይዞኛልና ቆም አልኩ። እንዲህ ይላል፦ «ጨለማ ቁስ እውነተኛ ሳይንሳዊ ንድፈ ሐሳብ ነውን? ሁለት ምሁራን ይከራከራሉ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ትልቁ አዳራሽ። ሕዝብ እንዲገኝ ተጋብዟል።»

ከሥር የተከራካሪዎቹ ስም አለ። አንዷ የልጄ የምርምር አማካሪ ናቸው። ሌላው እኚያው ያስተማሯት ፕሮፌሰር። ሐሙስ ደግሞ የዓርብ ዋዜማ ነው።

እዚህ ላይ የላውንደሪያችንን አሠራር ማስረዳት አለብኝ። አንዳንዱ አንሶላ ታጥቦ ሲወጣ እድፉ ለቋል ወይስ አልለቀቀም የሚለው ያከራክራል። አንዷ «ጥርት ብሏል» ትላለች፤ ሌላዋ «ለእኔ ይታየኛል» ትላለች። ያን ጊዜ ኃላፊያችን አንሶላውን መስኮቱ ላይ ትዘረጋዋለች፤ የፈረቃው ሰው ሁሉ ይሰበሰባል። «ለቋል የምትሉ?» ትላለች፤ እጅ ይወጣል። «አልለቀቀም የምትሉ?» እጅ ይወጣል። የበዛው ወገን ያሸንፋል። አንሶላው ወይ ወደ መደርደሪያ ወይ ወደ ማሽን ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን የሚያነሣ የለም። በዚህ ደንብ ስንሠራ ኖረን ተጣልተን አናውቅም።

ስለዚህ «ሕዝብ እንዲገኝ ተጋብዟል» የሚለውን ሳነብ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። ሕዝቡን ምን ሊያደርጉት ይጠሩታል? እጅ ሊያስወጡት ነዋ!

ረቡዕ ዕለት የላውንደሪውን ሴቶች በምሳ ሰዓት ሰበሰብኳቸው።

«ነገ ከሥራ ስንወጣ ዩኒቨርሲቲ ሄደን እጅ እናወጣለን» አልኳቸው።

«ለማን?» አለች ካውያዋ።

«ለጨለማ ቁስ።»

«አውቀዋለሁ እንዴ?»

«ልጄን ታውቂያታለሽ።»

«እሷንማ አውቃታለሁ። በቃ አወጣለሁ። ሁለቱንም እጄን ላውጣ?»

«አንድ ብቻ! ሁለት ካወጣሽ ይሰርዙብናል።»

ፍሬን ነገሩን ሲሰማ ግራ ገባው። «አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቷ እንድትቀር አይደል የምትፈልጊው? ይሸነፉ ተያቸው፤ በዚያው ትቀራለች።»

«እንድትቀር እፈልጋለሁ። ተሸንፋ እንድትቀር ግን አልፈልግም። ልዩነቱ አይገባህም?»

«አይገባኝም» አለ። ሐሙስ ግን ፈረቃውን ከጓደኛው ጋር ተቀያይሮ፣ ጫማውን አስጠርጎ መጣ።

አዳራሹ ውስጥ ሁለት ረድፍ ሞላን። ገና ከሥራ መውጣታችን ስለነበር የሳሙና ሽታችን ከፊታችን ያሉትን ሰዎች አንገት እያዞረ ነበር። ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ስትገባ አየችን። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ፍሬንን፣ ከዚያ ካውያዋን፣ ከዚያ ቀሪውን የላውንደሪ ሠራዊት አየች።

«እማ፣ ምን እየተደረገ ነው?» አለችኝ ጎንበስ ብላ።

«አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ቁጥራችን ጥሩ ነው።»

«የምን ቁጥር?»

መድረክ መሪው ማይክሮፎኑን መታ መታ ሲያደርግ መልስ ሳታገኝ ሄዳ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የተናገሩት ፕሮፌሰሩ ናቸው። ሽበታም፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲናገሩ በጣታቸው አየሩን የሚወጉ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው ጠብቄ ነበር፤ አይመስሉም።

«እንግዳ ይመጣል ተባልኩ እንበል» አሉ። «ወንበር አዘጋጀሁ። አልመጣም። ‹ነገ ነው› አሉኝ። ነገም አልመጣም። ‹መንገድ ላይ ነው› አሉኝ። ቆየሁ። ‹መጥቷል እኮ፣ ግን ዝምተኛ ነው› አሉኝ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ወንበሩን የማነሣው መቼ ነው?»

«ሰውዬው እጮኛዬን ያውቁታል እንዴ?» አለች ካውያዋ ጮክ ብላ፤ ከኋላችን ያሉት ሁሉ ሳቁ። በክርኔ ጎሸምኳት።

ፕሮፌሰሩ ቀጠሉ። ጨለማ ቁስን የሚፈልጉ ሰዎች አንድ መሣሪያ ሠርተው ሲያጡት ትልቅ ይሠራሉ፤ በዚያም ሲያጡት ከዚህ የተለየ ዓይነት ነው ይላሉ። ምንም ቢገኝ፣ ምንም ቢታጣ፣ ትክክል ነን የሚል ሐሳብ ሳይንስ አይደለም አሉ። በእሳቸው በኩል፣ መሳቡ በጣም ደካማ በሆነበት ሥፍራ የስበት ሕግ ይለወጣል ብለን ብንነሣ፣ የሚታየውን ነገር ብቻ ይዘን የከዋክብቱን ፍጥነት ማስላት እንችላለን አሉ፤ ብዙ ጊዜም እንደሚገጥም በሥዕል አሳዩ። ወለል ማለታቸው ነው አልኩ በሆዴ። እውነት ለመናገር ጥሩ ተናገሩ። ፈራሁ።

ቀጥሎ የልጄ አማካሪ ተነሡ። አጠር ያሉ፣ ፈጣን ሴት ናቸው።

«ሁለት ነገር አንቀላቅል» አሉ። «አንዱ፣ የማይታይ ክብደት አለ የሚለው ነው። ሌላው፣ ያ ክብደት ከምን ተሠራ የሚለው ነው። ሁለተኛውን አናውቅም፤ አናውቅም ማለት አያሳፍረንም። የመጀመሪያው ግን በብዙ በኩል ተፈትኗል።» ከዚያ ስለ ሁለት ግዙፍ የጋላክሲ ስብስቦች ነገሩን። ሁለቱ ተላትመው አንዱ በሌላው ውስጥ አለፈ። ጋዛቸው መሐል ላይ ተጋጭቶ ቀረ። ከሚታየው ነገር የሚበዛው ጋዙ ስለሆነ ክብደቱም እዚያው መሐል መቅረት ነበረበት። ከኋላቸው የሚመጣው ብርሃን እንዴት እንደተጣመመ ሲለካ ግን አብዛኛው ክብደት ጋዙን ጥሎ ከጋላክሲዎቹ ጋር ሄዷል።

«ፕሮፌሰር፣ በእርስዎ ሕግ ይህ እንዴት ይሆናል?» አሉ ወደ ጎን ዞረው።

«እዚያ ላይ ይቸግረኛል» አሉ ፕሮፌሰሩ።

አዳራሹ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። እኔ አፌን ይዤ ቀረሁ። በዕድሜዬ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ በሰፈር፣ በሥራ ቦታ፣ ከወንድሜ ጋር በየቀኑ። በክርክር መሐል «ይቸግረኛል» ያለ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

መድረክ መሪው ተነሣ። «አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ» አለ። ከፊት ሁለት ሦስት ተማሪዎች እጃቸውን አወጡ። ካውያዋ ትንሽ አሸልቧት ስለነበር የነቃችው የወጡ እጆች ስታይ ነው።

«ጀመረ!» አለችና እጇን ወረወረች።

እሷ ስታወጣ አጠገቧ ያለችው አወጣች፤ ከዚያ ሁሉም። እኔም ላውንደሪው መስኮት አጠገብ እንደለመድኩት አወጣሁ። ፍሬን እንኳ ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ እጁን እስከ ጆሮው አደረሰ።

«ኦ!» አለ መድረክ መሪው። «እዚያ ጋ… ሁለቱም ረድፍ ጥያቄ አለው?»

«የለንም!» አለች ካውያዋ። «ድምፃችን ነው። ለጨለማ ቁስ።»

ሳቁ ከጣሪያው ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። ልጄ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አንድ ተማሪ ማይክሮፎን ይዞ ወደ እኛ ሲሮጥ ካውያዋ ወደ እኔ አመለከተችው፤ ከዳችኝ ማለት ነው። ተነሣሁ።

«ይቅርታ አድርጉልን» አልኩ። «እኛ ሥራ ቦታ ያከራከረንን ነገር እጅ አውጥተን ነው የምንጨርሰው። እዚህም እንደዚያ መስሎኝ ሰዎቼን ይዤ መጣሁ። ካልሆነ… እናንተ በምን ትጨርሱታላችሁ?»

ፕሮፌሰሩ ወደ ማይክሮፎናቸው ጠጋ አሉ። «አንጨርሰውም፣ እመቤት። ሰማዩ እስኪጨርሰው ድረስ እንለካለን።»

«እሱ ለእርስዎ ይሆናል። እኔ ያለኝ እስከ ነገ ነው።»

እንደገና ሳቁ። እኔ ግን አልቀለድኩም።

«ልጄ ይህን ነገር ልትፈልግ ጉድጓድ ልትገባ ነው። ነገ መልስ ትሰጣለች። እኔ ስለ ከዋክብት አላውቅም። ግን እንግዳው ነገ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ይመጣል እየተባለ ፀጉሯ እዚያ ታች ቢሸብትስ? ምን ቢሆን ነው ‹የለም፣ ተሳስተን ነበር› ብላችሁ ልጄን የምትመልሱልኝ?»

«እኔም እኮ ስንት ዘመን የምጠይቃቸው ይህንኑ ነው!» አሉ ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛውን መታ አድርገው።

አማካሪዋ ፈገግ አሉ። «የምትሄደው ብትመልስ ይሻላል» አሉና ወደ ልጄ አመለከቱ።

ልጄ ተነሣች። ፊቷ ቀልቷል። አንገቷ ግን ቀጥ ብሏል።

«የኛ መሣሪያ የሚፈልገው አንድ ዓይነት ቅንጣት ነው» አለች። ወደ መድረኩ ሳይሆን ወደ እኔ ዞራ ነበር። «ያ ዓይነት ካለ፣ ክብደቱ ከዚህ እስከዚህ ከሆነ፣ መሣሪያችን ያየዋል ብለን ሥራው ሳይጀመር ለሁሉም አሳውቀናል። መሣሪያው በደንብ ሠርቶ፣ ጊዜውን ጨርሶ፣ ምንም ካላየ ተደብቋል አንልም። ያ ዓይነት የለም እንላለን። እኔም ስሜን ጽፌበት አወጣዋለሁ።»

«ከዚያ ሌላ ዓይነት አለ ብለሽ ሌላ ጉድጓድ አትገቢም?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

ልጄ ወደ ፕሮፌሰሩ ዞረች።

«ልገባ እችላለሁ» አለች። «አልዋሽዎትም። ግን በየጊዜው የሚቀረው ቦታ እየጠበበ ይሄዳል። ደግሞ ዓይነቱን በመቀያየር የማላመልጥበት ፈተና አለ። ጨለማ ቁስ ካለ፣ ገና ባልተለኩ ጋላክሲዎች አጠገብ ብርሃን ምን ያህል እንደሚጣመም አስቀድመን እናሰላለን። ልኬቱ ደጋግሞ ከዚያ ከራቀ፣ ያለቀልኝ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የእርስዎን ወለል እይዛለሁ።»

«የምን ወለል?»

«የእናቴ ማጠቢያ ማሽን ነው። በኋላ እነግርዎታለሁ።»

ማይክሮፎኑ አሁንም እጄ ላይ ነበር፤ ተማሪው ሊቀበለኝ ቢሞክርም አልለቀቅኩትም። «ፕሮፌሰር፣ አንድ ነገር ብቻ። እርስዎ በዚህ ነገር አያምኑም። የእርስዎ ልጅ ብትሆን ይልኳታል?»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«እልካታለሁ» አሉ። «ምክንያቴ ደግሞ ለራሴ ነው። እኔ ትክክል ከሆንኩ እሷ ፈልጋ ማጣት አለባት። በደንብ ያልፈለገ ሰው አጣሁ ቢለኝ ምን ይሠራልኛል? ስለዚህ የሚፈልገው ሰው ጎበዝ መሆን አለበት፤ ያጣውንም አጣሁ የሚል። ይህቺን ልጅ አስተምሬያታለሁ። ፈተና ላይ በስሕተት ነጥብ ስጨምርላት ራሷ መጥታ ታርመኝ ነበር።»

«እንግዲያው ሳይንስ ነው ማለትዎ ነው?»

«እሷ እንዳለችው ከሠሩት፣ ነው። አንዳንዶቹ እንደሚሠሩት ከሠሩት፣ አይደለም።»

«‹ነው› ብለዋል! ሁላችሁም ሰምታችኋል!» አሉ አማካሪዋ እጃቸውን እያጨበጨቡ። «ሁለተኛውን ግማሽም ሰምተዋል» አሉ ፕሮፌሰሩ።

ካውያዋ በጆሮዬ «አሁን እጅ እናውጣ?» አለችኝ። «አስቀምጪው» አልኳት።

ከአዳራሹ ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ሻይ ተዘጋጅቶ ነበር። ሁለቱ ተከራካሪዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመዋል፤ ፕሮፌሰሩ ለአማካሪዋ ስኳር እየጨመሩላቸው ነው።

«ተጣልተው አልነበር?» አለ ፍሬን ቆሞ እያየ።

«እንዴ፣ ማን አሸነፈ ታዲያ?» አለች ካውያዋ።

«አልታወቀም» አልኳት።

«ስለዚህ አንሶላው ገና ማሽን ውስጥ ነው ማለት ነው» አለችና ሻይ ልትቀዳ ሄደች። ዞር ብዬ ሳይ ለፕሮፌሰሩ ስለ እጮኛዋ እያወራችላቸው ነበር።

ዓርብ የዕረፍት ቀኔ ነው። ልጄ ጠዋት ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አላስቸኮለችኝም። እያስቸኮለችኝ እንዳልሆነ እንዲታወቅ ግን በጣም ቀስ ብላ ዳቦ ትቆርስ ነበር።

እኔ ሳስበው የነበረው ስለ ጉድጓዱ አልነበረም። ጉድጓዱንማ አሁንም እፈራዋለሁ። ስፈራ የቆየሁት ግን ሌላ ነገር እንደነበር ገብቶኛል። ልጄን ፈጽሞ ተሳስተናል የማይሉ ሰዎች ይወስዱብኛል፤ እሷም እንደነሱ ሆና ትቀራለች ብዬ ነበር። በሁለት ረድፍ ላውንደሪና በአንድ አዳራሽ ሰው ፊት ግን «የለም እንላለን» ስትል ሰማኋት። ጨለማ ቁስ መኖሩን አላውቅም። የሚወድቅበትን ቦታ ቀድሞ የሚናገር ሐሳብ አታላይ እንዳልሆነ ግን ይታየኛል። ልጄን ለአታላይ አልሰጠኋትም።

«አንድ ቃል ግቢልኝ» አልኳት።

«በየቀኑ እደውላለሁ።»

«እሱማ የግድ ነው፤ ቃል አያስፈልገውም። ሌላ ነው። ያጣችሁት ቀን ከሌላ ሰው እንዳልሰማ። አንቺ ራስሽ ደውለሽ ‹እማ፣ የለም› በይኝ። እንዳታፍሪ። እኔም ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ አጣርታ መጣች እላለሁ።»

ዐይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ሳቀች። «ብናገኘውስ?»

እውነት ለመናገር ይህን አላሰብኩበትም ነበር።

«ብታገኙትማ…» አልኩ። «ብታገኙትም ደውዪ። ሂጂ ልጄ። ፈጣሪ ይከተልሽ፤ ከላይም ከታችም።»

ጣቷ መልሱን ለመላክ ስልኩን ሲነካ አየሁ። አለቀ። ብድግ ብላ አቀፈችኝ፤ የዳቦው ፍርፋሪ በሙሉ ቀሚሴ ላይ ተራገፈ።

«ፈቀደች?» አለ ፍሬን ከበሩ።

«ፈቀደች!»

«እኔ አልፈቀድኩም» አለ። ይህን ሲል ትልቁን ሻንጣውን ጎትቶ እያስገባ ነበር፤ አቧራው ተጠርጓል፤ የተሰበረው እጀታ በሽቦ ታስሯል።

«ስንት ሹራብ ልክተትልሽ?» አልኳት።

«እማ፣ ከምድር በታች እኮ ሙቀት ነው።»

«ማን አለ?»

«ተለክቷል።»

«ከጉድጓዱ ስትወጪስ?»

አሰበች። አንዴ ወደ ፍሬን፣ አንዴ ወደ እኔ አየች።

«ስወጣ… ይበርዳል» አለች።

ወደ ቁም ሳጥኑ ሄድኩ።